ጊታር ሲጠገን ቢጎዳ ስብርባሪው አይጣል

ለተከበረው የጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

በደሴና በኮምቦልቻ የሙዚቃ መሣሪያ የምንጠግን ሰዎች ነን። የምንጽፈው ስለ አንድ ጠባብ ጉዳይ ነው፤ አሮጌ ቦክስ ጊታር በጥገና ላይ እያለ በጠጋኙ በራሱ እጅ ሲጎዳ ምን መደረግ እንዳለበት። ከኪነት ዘመን የተረፈ፣ ከውጭ ዘመድ የላከው ወይም ከትምህርት ቤት የሙዚቃ ክበብ የወጣ ጊታር ብሪጁ (የክሮቹ ታችኛ ጫፍ የሚታሰርበት እንጨት) ሲነሣ ወይም ክሩ ከአንገቱ ሲርቅ ባለቤቱ ራሱ ቢላና ካቻቪቴ ያነሣል፤ አለዚያም ለሰፈሩ አናጢ ይሰጠዋል። ከዚያ መሮ ያመልጣል፣ እንጨት ይገነጠላል፣ ኮላ ይፈስሳል። «በቃ አለቀለት» ተብሎ ጊታሩ ቁም ሣጥን ላይ ይወጣል።

እኛ እስከምናየው ድረስ ጊታሩን የሚገድለው ያመለጠው መሮ እምብዛም አይደለም። የሚገድለው ከዚያ በኋላ ባሉት ዐሥር ደቂቃዎች በድንጋጤ የሚደረገው ነው። የተገነጠለው ስንጥር ከሰጋቱራው ጋር ይጠረጋል፤ የፈሰሰው ሱፐር ግሉ በጨርቅ ይታሻል፤ ስንጥቁ «ምን ያህል ይሆን?» እየተባለ በላብ ጣት ይዳሰሳል፤ የተሰበረው አንገት ሚስማር ይመታበታል። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል። በዚህ ሥራ የሚያስቸግረው ግን የቸኮለው ሰው አፍሶ አለመልቀሙ ነው።

ስለዚህ አንድ ነገር ሲያመልጣችሁ መጀመሪያ መሣሪያውን ከእጃችሁ አስቀምጡ። ክር ያለበት ጊታር ከሆነ ስድስቱንም አላሉ። ነጭ ወረቀት ዘርጉና የወደቀውን ሁሉ፣ የጥፍር ቁራጭ የሚያህለውን ሳይቀር፣ በወረቀቱ ላይ ልቀሙ። ስንጥሩ ከየት እንደወጣና ወደ የት እንደሚያይ እንዳይጠፋችሁ ከመነካቱ በፊት በስልክ ፎቶ አንሡት፤ ከዚያ ፖስታ ውስጥ ክተቱት። ሻይ ጠጡ። ለእንጨት የሚሆን ኮላ ሁሉ እናንተን ይጠብቃል፤ እናንተን የማይጠብቀው ሱፐር ግሉ ብቻ ነው፣ እርሱንም ገና አልከፈታችሁትም።

ከሁሉ የሚበዛው ጉዳት ብሪጅ ሲነቀል የሚደርሰው ነው። ብሪጅ በአብዛኛው በጊታሩ ፊት ላይ በኮላ ብቻ የተጣበቀ እንጨት ነው። የናይለን ክር ስድስቱም ሲቃኙ በአንድነት 40 ኪሎ ግራም ገደማ ይጎትታሉ። የብረት ክር፣ ላይት የሚባለው ባለ 0.012 ኢንች እንኳ፣ ከ70 ኪሎ በላይ ይጎትታል። ለናይለን በተሠራ ጊታር ላይ የብረት ክር የሚገጥም ሰው በጎተራው ላይ እጥፍ እህል እንደጫነ ይቁጠረው። ፊቱ ከብሪጁ በስተኋላ ያብጣል፤ የብሪጁ የኋላ ጠርዝ ይነሣል፤ ወረቀት ብታስገቡበት ይገባል። ወረቀት ከገባ ጊዜው ደርሷል ማለት ነው፤ ብሪጁ ሙሉ በሙሉ ወጥቶ እንደገና መጣበቅ አለበት። በተከፈተው ጠርዝ ኮላ አንጠባጥቦ መጫን አሮጌውን ኮላ በአዲስ መሸፈን ነው፤ ተመልሶ ይነሣል።

ሲነቀል መሞቅ አለበት። ሳድሉን (ክሩ የሚያርፍበትን ነጩን ዘንግ) አስቀድማችሁ አውጡ፤ ፕላስቲክ ከሆነ ይቀልጣል። ካርቶን በፎይል ለብጡና መካከሉን በብሪጁ ልክ ቀዳችሁ የጊታሩን ፊት ሸፍኑ። ካውያውን መካከለኛ ሙቀት ላይ አድርጋችሁ በብሪጁ ላይ አሳርፉ፤ በየሁለት ደቂቃው እያነሣችሁ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ይበቃል። የተለመደው የእንጨት ኮላ ከ60 እስከ 70 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው መካከል መላላት ይጀምራል። ችግሩ ፊቱን ከውስጥ የሚደግፉት አግዳሚ እንጨቶችም በዚያው ኮላ የተጣበቁ መሆናቸው ነው። እጃችሁን በድምፅ ቀዳዳው አስገብታችሁ ከብሪጁ ሥር ያለውን እንጨት እየዳሰሳችሁ አሙቁ፤ እጅ አላስችል ካለ አቁሙ።

ከሞቀ በኋላ ብሪጁ ሥር ገብቶ የሚያላቅቀው ስፓቶላ ከግማሽ ሚሊ ሜትር ያልወፈረ፣ ማዕዘኖቹ በብርጭቆ ወረቀት የተድቦለቦሉ ይሁን። የቀለም ቀቢ ስፓቶላ ተስሎና ሳስቶ ይሠራል፤ የወጥ ቤት ቢላ ግን አይሆንም፣ ጀርባው እንደ ሽብልቅ ወፍሮ ይሰነጥቃል። አሁን ጉዳቱ ወደሚደርስበት መጣን። የጊታር ፊት የሚሠራበት ስፕሩስ የሚባለው ነጭና ቀላል እንጨት ነው፤ ቃጫው ከክሮቹ ጋር ትይዩ ይሄዳል። ከላይ ሲያዩት ቀጥ ያለ ቢመስልም ከጎን ቢታይ ትንሽ ያዘነብላል፤ ወይ ወደ ውስጥ ይጠልቃል ወይ ወደ ላይ ይወጣል። ስፓቶላው ቃጫው ወደሚጠልቅበት ሲገፋ ከኮላው መስመር ወጥቶ እንጨቱ ውስጥ ይገባና ይገነጥላል። ፊቱ ደግሞ አንድ ሳንቃ ለሁለት ተሰንጥቆ እንደ መጽሐፍ ተከፍቶ የተጋጠመ ስለሆነ በግራው ግማሽ በሰላም ያለፈው አቅጣጫ በቀኙ ግማሽ ይገነጥላል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው፤ ግማሹ አምሮ ስለወጣለት ተማምኖ በዚያው ይቀጥላል። ስፓቶላው ከከበደ፣ ደረቅ የጭረት ድምፅ ከተሰማ፣ ወይም ከጠርዙ ነጭ ቃጫ ብቅ ካለ መልሳችሁ አሙቁና በተቃራኒው በኩል ግቡ።

ተገነጠለ እንበል። ብሪጁን ገልብጣችሁ ብርሃን ላይ እዩት። በጥቁሩ እንጨት ላይ እንደ ጤፍ ጭድ የቀጠነ ገርጣ ያለ ቃጫ ተለጥፎ ታያላችሁ፤ አንዳንዱ ጥፍር ያህላል፣ አንዳንዱ የጣት ርዝመት አለው። የአናጢ እጅ ወዲያው ብርጭቆ ወረቀት ይፈልጋል። አትንኩት! ያ ቆሻሻ ሳይሆን የጊታሩ ፊት ነው። በእርሳስ ቀስት አድርጉበት፣ ከፊቱ ጉድጓድ ጋር አስተያዩት፣ ከዚያ ብሪጁን በድጋሚ በጥቂቱ አሙቃችሁ በአዲስ ምላጭ ከኮላው ላይ ገሽልጡት። በነበረበት ቦታ፣ በነበረበት አቅጣጫ፣ ቀጭን የእንጨት ኮላ ተቀብቶ ይመለሳል። በላዩ ፌስታል ይደረጋል (ነጩ ኮላ በፌስታል ላይ አይጣበቅም)፣ በፌስታሉ ላይ ጠፍጣፋ እንጨት፣ ከዚያ ሞርሴቶ (በብሎን የሚጠብቅ መያዣ)፤ 24 ሰዓት። ስንጥሩ አንድ ጫፉ ፊቱ ላይ እንደተያያዘ ከሆነ ይበልጥ ዕድለኛ ናችሁ፤ አትቁረጡት፣ በጥርስ መጎርጎሪያ ከሥሩ ኮላ አስገብታችሁ አስተኙት።

ጉድጓዱ ከወረቀት ውፍረት ካልበለጠ ይህ ሁሉ አያስፈልግም። ባለ 120 ብርጭቆ ወረቀት በጠፍጣፋ እንጨት ላይ ጠቅልላችሁ በስሱ አስተካክሉት። በስሱ ማለታችን ፊቱ ጠቅላላ ውፍረቱ ከ2.5 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ብቻ ስለሆነ ነው።

ስንጥሩ ከጠፋ ወይም ከደቀቀ ጣውላ በጣውላ ይተካል። የጉድጓዱን ዳር በቃጫው አቅጣጫ ረዘም አድርጋችሁ ጫፎቹን በሰያፍ ቁረጡ፤ ቃጫውን በቀጥታ የሚያቋርጥ መስመር አታድርጉ፣ ስንጥቅ የሚጀምረው ከዚያ ነው። መጣፊያው ከሞተ ጊታር ፊት የተወሰደ ስፕሩስ ይሁን፤ ስለዚህ ማንም የሞተ ጊታር ሲጥል ብታዩ ለምናችሁም ቢሆን ፊቱን አስቀሩ። ዋንዛ ለጀርባና ለጎን ያገለግላል፤ ለዚህ ቦታ ግን ስፕሩስን በስፕሩስ መተካት ነው። ስቱኮ ወይም ሰጋቱራ በሱፐር ግሉ ለውሶ ጉድጓዱን መሙላት የከተማችን ልማድ ነው። ለዓይን ይስተካከላል። ነገር ግን የእንጨት ኮላ የሚይዘው የእንጨት ቃጫን ነው፤ ስቱኮ ላይ የተጣበቀ ብሪጅ 70 ኪሎ ሲጎትተው ስቱኮውን ይዞ ይነሣል፣ ያኔ ጉድጓዱ እጥፍ ይሆናል።

አንድ ጥንቃቄ፦ ከመጀመራችሁ በፊት የድምፅ ቀዳዳውን ጠርዝ እዩ። የላይኛው መስመር በውፍረቱ በኩል ወደ ታች ከቀጠለ ፊቱ ወጥ እንጨት ነው። እንደ አነባበሮ ንብርብር ካያችሁ ኮምፔንሳቶ ነው። በኮምፔንሳቶ ላይ የሚገነጠለው ሙሉ ቅጠሉ ነው፤ ከሥሩ አግድም የሚሄድ ቃጫ ይወጣል። የተገነጠለውን ቅጠል መመለስ እንጂ ጠፍጥፎ መጥረብ እዚያ አይሠራም፣ ሁለተኛውን ንብርብር ትበላላችሁ።

ብሪጁ ሲመለስ በሁለቱም በኩል ባዶ እንጨት መሆን አለበት፤ በቀለም ላይ የተጣበቀ ብሪጅ ቀለሙን ይዞ ይነሣል። ቦታው በግምት አይሁን። ከነቱ (በአንገቱ ጫፍ ክሩ ከሚያርፍበት) እስከ 12ኛው ፍሬት (በአንገቱ ላይ አግድም የተተከለው ቀጭን ብረት) ያለውን ለኩ፤ 325 ሚሊ ሜትር ከሆነ እጥፉ 650 ነው። ሳድሉ ከዚያ ትንሽ ይርቃል፤ ለናይለን 2 ሚሊ ሜትር ገደማ፣ ለብረት ክር በቀጭኑ በኩል 2፣ በወፍራሙ በኩል 4 ወይም 5። በ3 ሚሊ ሜትር የተሳሳተ ጊታር ክፍት ክሩ ተቃኝቶ ሳለ ወደ ላይ ስትወጡ ይስታል፤ የባቲን ቅኝት ከታች ጀምሮ ወደ ላይ የሚወጣ ተጫዋች በ12ኛው ፍሬት ላይ ባቲ ያልሆነ ነገር ይሰማል፣ መቃኛውንም በከንቱ ሲጠመዝዝ ይውላል።

ሦስት ሞርሴቶ በድምፅ ቀዳዳው ይገባል፤ አንዱ መሐል፣ ሁለቱ ከጫፍና ከጫፍ፤ ከውስጥ አግዳሚዎቹን የሚያልፍ ጥርብ እንጨት ይደረግ። ያለ እርሱ ሞርሴቶው አግዳሚውን ይጨፈልቀዋል፣ ያም ሌላ ጥገና ነው። የሚወጣውን ኮላ በተጨመቀ እርጥብ ጨርቅ ጥረጉ። 24 ሰዓት ያለ ክር ይቆይ፤ በደሴ ክረምት፣ ጉሙ ከጦሳ ተራራ ወርዶ ቤት በሚገባበት ሐምሌና ነሐሴ፣ 48 አድርጉት። ነጩ ኮላ ሙቀት ላይ ስለሚላላ በዚህ መልክ የተጠገነ ጊታር በኮምቦልቻ ፀሐይ የቆመ መኪና ውስጥ አይተው፤ ክሩ እየጎተተው ብሪጁ በቀስታ ይንሸራተታል።

ብሎን አስረው የሚመልሱ አሉ። ከፋብሪካ ብሎን ይዘው የሚመጡ ጊታሮች መኖራቸው እውነት ነው። ላልታሰበበት ጊታር ግን ብሎን የኮላውን መልቀቅ ይሸፍናል እንጂ አያስቀርም፤ ቀዳዳው ለስንጥቅ መነሻ ይሆናል፣ ክብደቱም ድምፁን ያፍናል። አንቀበለውም።

ወደ ሱፐር ግሉ እንምጣ። በጊታሩ ፊት ላይ አንድ ጠብታ ወደቀ፤ ጉብ ብሎ እንደ እንባ ያበራል። ሁሉም ሰው የሚያደርገው ወዲያው መጥረግ ነው፤ ሦስት ሚሊ ሜትር የነበረው ጉዳት አንድ መዳፍ ያህላል፣ የጨርቁም ጭረት አብሮ ይደርቃል። የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ የሚያፈስሱም አሉ። በውስጡ ያለው አሴቶን ሱፐር ግሉን እንደሚያሟሟ ልክ ናቸው፤ ግን የጊታሩን ቀለም ቀድሞ ሊያሟሟው ይችላል። ጠብታውን ተዉት። እስከ ማግስቱ ይደርቅ። ከዚያ ምላጭ ውሰዱና ሁለቱን ጫፎች በስኮች ሁለት ሁለት ዙር ጠቅልሉ፤ መሐሉ ከጠብታው በጥቂት ሚሊ ሜትር የሚሰፋ ክፍት ይቅር። ስኮቹ ምላጩን ከቀለሙ በፀጉር ስፋት ያርቀዋል። ምላጩን ቀና አድርጋችሁ ይዛችሁ ጠብታውን እየፋቃችሁ አውርዱ፤ ነጭ ዱቄት ሆኖ ይወጣል። ጉብታው ከጠፋ በኋላ ባለ 1000፣ ባለ 1500፣ ባለ 2000 ብርጭቆ ወረቀት በተራ፣ ሳሙና በነካካው ውሃ። ውሃው ጠብታ ያህል እንጂ አይፍሰስ፤ ብሪጁ ሥር ወይም ስንጥቅ ውስጥ ከገባ እንጨቱን ያሳብጣል። መጨረሻ ላይ ጋራዥ የመኪና ቀለም የሚያጠሩበት ኮምፓውንድ በጥጥ ጨርቅ ይበቃል። አንድ ሰዓት ያልሞላ ሥራ ነው። ቸኩሎ የተጠረገው ግን ግማሽ ቀን ይፈጃል፣ ምልክቱም አይጠፋም።

የትኛው ቀለም በምን እንደሚሟሟ ሳታውቁ ምንም ፈሳሽ አታሳርፉ። በማይታይ ቦታ፣ ለምሳሌ ከመቃኛው ብረት ሥር፣ በጥጥ ጫፍ አልኮል ነካ አድርጋችሁ አንድ ደቂቃ ጠብቁ። ጣት ላይ ከተጣበቀ በአልኮል የሚሟሟው ጎማላካ የሚባለው ቀለም ነው። በአልኮል ካልተነካ፣ በአሴቶን ግን ከላላ ናይትሮ የሚባለው ላከር ሊሆን ይችላል። ሁለቱም ካልነኩት ፖሊ የሚባለው ነው፤ ርካሽና አዳዲስ ጊታሮች አብዛኞቹ ይህን ለብሰዋል።

ይህን ማወቅ የሚጠቅመው ለእንፋሎት ጉዳትም ነው። ጀበናም ሆነ ማንቆርቆሪያ አፍልተው በእንፋሎት ኮላ የሚያላሉ ሰዎች ፊቱ ላይ ነጭ ደመና ይሠሩና ይደነግጣሉ። በነገራችን ላይ ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ የሐረጎን ቁልቁለት ወርዳችሁ ኮምቦልቻ ስትደርሱ 94 ይሆናል። «እዚህ ቀዝቀዝ ስለሚል አይጎዳም» የሚለው አያዋጣም፤ ኮላውን ለማላላትም ቀለሙን ለማበላሸትም 92 ይተርፋል። ጎማላካና ላከር ላይ የታየ ነጭ ደመና የገባ እርጥበት ነው። ለጥቂት ቀናት በደረቅ ክፍል፣ ከፀሐይ ርቆ ይቀመጥ፤ ብዙው በራሱ ይሄዳል። የቀረውን አልኮል ነክቶ ደርቋል በሚያሰኝ ጨርቅ በስሱ አሳልፉ፣ በአንድ ቦታ አትቁሙ። ፖሊ ላይ ከሆነ ደመናው ቀለሙ ከእንጨቱ የለቀቀበት ቦታ ነው፤ አልኮል ምንም አያደርግለትም። በተሰነጠቀው ጫፍ በኩል ውሃ የመሰለው ቀጭኑ ሱፐር ግሉ በመርፌ ጫፍ ሲነካ ሰርጎ ይገባና መልሶ ያጠራዋል።

የሚቀጥለው የአንገት ራስ ስብራት ነው። ጊታሩ ጠረጴዛ ጫፍ ላይ ተደግፎ ሲቀር ተንሸራትቶ ይወድቅና መቃኛዎቹ ካሉበት ከራሱ ሥር ይሰበራል። እዚያ ቦታ አንገቱ በጣም የሳሳ ነው፤ ባለ ብረት አንገት (በውስጡ ማስተካከያ ብረት ያለው) ከሆነ ደግሞ ለብረቱ ተቦርቡሯል። ለባለቤቱ አስደንጋጭ ነው፤ ለጠጋኝ ግን ትኩስ ስብራት ከምናገኛቸው ጉዳቶች ሁሉ ምቹው ነው። ቃጫው ንጹሕ ነው፣ ጥርሶቹ ይገጣጠማሉ፣ የመጋጠሚያው ገጽ በሰያፍ ረጅም ነው። የሚያበላሸው ተደጋጋሚ ሙከራ ነው። ገጥሞ ማየት፣ መልሶ መክፈት፣ ለጎረቤት ማሳየት፤ በእያንዳንዱ ጊዜ የቃጫው ጫፍ ይታጠፋል፣ በአምስተኛው ላይ አይገጥምም። አንድ ጊዜ ብቻ ገጥማችሁ ሞርሴቶውን አዘጋጁ። አንገቱ ክብ ስለሆነ ሞርሴቶው እንዳይንሸራተት ከጀርባው በኩል ጎድጎድ ተደርጎ የተጠረበ እንጨት፣ ውስጡ ጨርቅ የለበሰ፣ ያስፈልጋል። ኮላውን በሁለቱም ገጽ ላይ በቀጭን ብሩሽ ወደ ቃጫው መካከል አስገቡ፤ ዳር ዳሩን ብቻ መቀባት አይበቃም። ዙሪያውን ጥቃቅን ጠብታ ከወጣ መጠኑ ልክ ነው። ራሱ ወደ ላይ እንዳይንሸራተት ሞርሴቶውን ቀስ በቀስ፣ አንዱን ትንሽ ሌላውን ትንሽ እያላችሁ አጥብቁ። ሁለት ቀን። ሚስማርና ብሎን እዚህ ቦታ ፈጽሞ አይገቡም፤ የቀረውን ትንሽ እንጨት ይሰነጥቁታል፣ በሚቀጥለው ስብራት የሚገጣጠም ቃጫ አይተርፍም። በደንብ የተጣበቀ የሰያፍ ስብራት የብረት ክር ይችላል።

ፍሬት ሲነቀል የሚፈነጠር የአንገት ጣውላ ቀላል ነው፤ ሱፐር ግሉን ስንኮንን ቆይተን እዚህ ግን እናመሰግነዋለን። ፍሬቱን በካሊዶ (የሬዲዮ ጠጋኝ በሚበይድበት የኤሌክትሪክ ብረት) ጫፍ አሙቁ፣ አፉ በተሳለ ፒንሳ ከጫፉ ጀምራችሁ አንሡ፣ የፈነጠረችውን ቅንጣት ወዲያው በቀጭኑ ሱፐር ግሉ መልሱ። ቅንጣቷ ከጠፋች ከዚያው ጣውላ በተፋቀ ዱቄት ሙሉት። ይህ ቦታ የሚጎትተው ነገር ስለሌለ ሙሌት ይችላል፤ ብሪጅ ሥር የከለከልነውን እዚህ የምንፈቅደው ለዚህ ነው። በአንገቱ ውስጥ ያለውን ብረት ስታስተካክሉ ደግሞ መጀመሪያ አላሉ፣ ከዚያ በየሩብ ዙሩ፤ ቁልፉ ልኩ ካልሆነ የብሎኑ ማዕዘን ይበላና ሥራው ሁሉ ይከብዳል።

በፊቱ ላይ የሚወጣ ስንጥቅ ሌላ ጠባይ አለው። ብሪጅ ሲጫን ወይም ጀርባው ሲደገፍ «ቋ» ብሎ የተሰነጠቀ ፊት ብዙውን ጊዜ አስቀድሞ የደረቀ ፊት ነው። በደሴ እርጥበት ኖሮ በበጋ ወደ ኮምቦልቻ የወረደ ጊታር ይህ ያጋጥመዋል። ስንጥቁን በጣት አትዳስሱት፤ ላብና ቅባት ኮላ አያስይዝም። ተከፍቶ ሳለም በኮላ አትሙሉት፤ ክረምት ሲመጣ እንጨቱ ሲያብጥ ኮላው እንደ ሽብልቅ ሆኖ ይሰነጥቀዋል። ክዳኑ በተበሳሳ የሳሙና ዕቃ ውስጥ የተጨመቀ እርጥብ ስፖንጅ አድርጋችሁ ከጊታሩ ጋር ቦርሳው ውስጥ ከሦስት ቀን እስከ ሳምንት ዝጉት፤ ብዙ ስንጥቅ በዚህ ብቻ ይገጥማል። ከዚያ ኮላ በጣት ሳይሆን በፌስታል ቁራጭ እየታሸ ይገባል፤ ከሥር በእጅ ገፋ ለቀቅ ሲደረግ ስንጥቁ ራሱ ይስበዋል። ከውስጥ 15 ሚሊ ሜትር በ15 የሆነ፣ 2 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው የስፕሩስ ቁራጭ፣ ቃጫው ስንጥቁን የሚያቋርጥ ሆኖ፣ በየ4 ወይም 5 ሴንቲ ሜትሩ ይለጠፋል። እጅ የማይደርስበትን ቦታ ለመጫን ከተበላሸ ስፒከር የወጣ ትንሽ ማግኔት አንዱ ከውስጥ አንዱ ከውጭ ሆኖ ይሠራል፤ ከውጭ ያለው ሥር ጨርቅ ይኑር፣ ማግኔት ከእጅ ካመለጠ ራሱ ፊቱን ይቀጠቅጣል።

ካቻቪቴ ወድቆ ስለሠራው ጎድጎድ ብዙ አንልም። ቃጫው ካልተቆረጠና ቦታው ባዶ እንጨት ከሆነ እርጥብ ጨርቅ አድርጎ የካውያውን ጫፍ ከ3 እስከ 5 ሰከንድ ማሳረፍ ያነሣዋል። ቀለም የለበሰ ከሆነ እንፋሎቱ አይገባም፤ የሚተርፋችሁ ነጭ ደመና ነው። ጎድጎዱን ተዉት፣ ድምፁን አይነካም።

አንድ ቅሬታ አለን፣ ለራሳችን ባልደረቦችም ጭምር። ጉዳቱን ደብቆ መመለስ ተለምዷል፤ በጥቁር ቀለም ሸፍኖ፣ «መጀመሪያውኑ እንዲህ ነበር» ብሎ። ባለቤቱ ሲረከብ ሁለት ፎቶ ቢነሣ፣ ጠጋኙም ሥራ ከመጀመሩ በፊት የነበረውን ጉዳት ከባለቤቱ ጋር ቆሞ ቢያይ ክርክሩ ግማሹ ይቀራል። በጥገና ላይ ለደረሰ ጉዳት ባለቤቱ አይከፍልም፤ ለመመለሻው የሚጨመረው ቀን ግን በዚያው ቀን ይነገረው። ስንጥሮቹን የያዘው ፖስታም የባለቤቱ ንብረት ነው፤ ወደ ሌላ ጠጋኝ መውሰድ ቢፈልግ አብሮ ይሰጠው።

ሥራው ሲያልቅ ደግሞ ክሩ ከመግባቱ በፊት በድምፅ ቀዳዳው እጅ አስገብታችሁ በጀርባው ውስጠኛ ገጽ ላይ በእርሳስ ጻፉ፤ ቀኑን፣ የተገነጠለውን ቦታ፣ የገባውን ኮላ። ነጭ ኮላ ከሆነ ነጭ ኮላ፣ ሱፐር ግሉ ከሆነ ሱፐር ግሉ በሉ። ከ20 ዓመት በኋላ ያንን ብሪጅ የሚያነሣው ሰው ካውያ ያንሣ ወይስ አሴቶን የሚያውቀው ከዚያ ጽሑፍ ነው።

ከአክብሮት ጋር፣
ከደሴና ከኮምቦልቻ የሙዚቃ መሣሪያ ጠጋኞች